የአሰልጣኙ ድርሻ

ከቀራማራ በኩል የሚነሣው ነፋስ ከቀትር በኋላ የሜዳውን አቧራ ሰብስቦ ወደ አንደኛው ግብ ብቻ በሚነዳበት በጅግጅጋ፣ ከሜዳው ዳር ተቀምጬ የጨዋታ መዝገብ መያዝ ከጀመርሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ቀድሞ አሰልጣኝ ነበርሁ፤ ዛሬ ግን ሥራዬ የሌሎችን አሰልጣኞች ሥራ መርምሬ፣ ሊቀጥሯቸው ወይም ሊያሰናብቷቸው ለሚመክሩ ሰዎች ሐሳቤን መስጠት ነው። ስለዚህ ሙያ፣ ይኸውም ሰውን በውጤቱ ብቻ ሳይሆን በእጁ በነበረው ገንዘብ ልክ ስለ መመዘን፣ ጥቂት ልናገር እወዳለሁ።

የሥራው መነሻ ረቂቅ አይደለም። ክለቦችን በበጀታቸው ቅደም ተከተል ትደረድራቸዋለህ፤ ውድድሩ ሲያልቅ ደግሞ በነጥባቸው ትደረድራቸዋለህ፤ በሁለቱ ሰልፎች መካከል የሚገኘውን ልዩነት የአሰልጣኙ ድርሻ ነው ትላለህ። ስቴፋን ሺማንስኪ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ የእንግሊዝን ክለቦች የብዙ ዓመታት ሒሳብ መርምሮ፣ በደረጃቸው መካከል ከሚታየው ልዩነት ከመቶ 90 ያህሉ በደመወዝ ወጪያቸው እንደሚገለጥ ስላሳየ፣ ለአሰልጣኙ ጥበብ የሚተርፈው ከማዕድ የወደቀ ፍርፋሪ ይመስላል። በዚህ ሚዛን ፊት አሰልጣኙ ብራያን ክላፍ በ1977 እ.ኤ.አ. ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ያወጣውን ኖቲንግሃም ፎረስትን በማግሥቱ ዓመት የእንግሊዝ ሻምፒዮን፣ በ1979 እና በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውሮፓ ዋንጫ ባለቤት ማድረጉ እንደ ተአምር ይቈጠራል። (ተአምሩን የሚተርኩልን ሰዎች ግን ያው ክለብ በ1979 እ.ኤ.አ. ትሬቨር ፍራንሲስን በ1 ሚሊዮን ፓውንድ መግዛቱን ማንሣት አይወዱም።)

በአገራችን ይህን ነገር ለመፈተን ከአሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ይህ ሰው በ2010 ዓ.ም. ገና ወደ ፕሪሚየር ሊግ የወጣውን ጅማ አባ ጅፋርን፣ በ2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታን፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድንን ለዋንጫ አብቅቷል። ካዝናው ሦስት ሲሆን ሰውዬው አንድ ስለ ሆነ፣ ድርሻውን ከገንዘቡ ለይቶ ለማየት ይህን የመሰለ ዕድል አይገኝም፤ እርሱ የለቀቀው ጅማም በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ መውረዱ ነገሩን የሚያጸና ይመስላል። እኔ ግን በዚህ ብቻ አልፈርድም። የጅማው ቡድን የዚያን ዓመት የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ የነበረውን ናይጄርያዊ ኦኪኪ አፎላቢን የያዘ ነበር፤ ደግሞም አንድ ጊዜ ያሸነፈን ሰው ቀድሞ የሚጠራው ሊከፍለው የሚችል ክለብ በመሆኑ፣ ገንዘቡ ሰውየውን ይከተለው ወይስ ሰውየው ገንዘቡን፣ ከሩቅ ሆኖ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። በጎረቤታችን በድሬ ዳዋም በ1950ዎቹ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ኮተን የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ሲወስድ፣ ሕዝቡ የዘመረው ስለ ተጫዋቾቹ እንጂ ስለ ፋብሪካው አልነበረም።

ይህን ሚዛን ወደ እኛ አካባቢ፣ ወደ ጅግጅጋ፣ ወደ ቀብሪ በያህና ወደ ሽንሌ ስናመጣው ግን ከመጀመሪያው እርምጃ ይሰናከላል፤ ምክንያቱም በወረቀት ላይ ያለው በጀት ገንዘብ አይደለም። በወንጌል የተነገረው ጌታ ለአገልጋዮቹ አምስት፣ ሁለትና አንድ መክሊት ሰጥቶ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ፣ የሰጠው በሙሉና በቅድሚያ ነበር፤ የእኛ ጌቶች ግን በሐምሌ ያጸደቁትን በየካቲት ይሰጣሉ፣ ሒሳቡን ግን ከጥቅምት ጀምሮ ይጠይቃሉ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ በተወሰነ ጊዜም፣ የተጻፈው አኀዝና በእጅ የሚገባው ምን ያህል እንደሚራራቁ በክለብ ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መንገዱም ራሱ ወጪ ነው፤ ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ የነዳጅና የውሎ አበል ገንዘብ ያጠረበት ቡድን በጨዋታው ዋዜማ ማታ ደርሶ፣ እግሩ ሳይፍታታ ሜዳ ይገባል።

ስለዚህ እኔ የዓመቱን ድምር ትቼ ወራቱን መከፋፈል ጀመርሁ፤ ደመወዝ የተከፈለበት ወር በአንድ ዓምድ፣ ያልተከፈለበት በሌላው፣ በየዓምዱም ሥር የተገኘው ነጥብ ይጻፋል። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ቀድሞ ባሠለጠንሁበት ክለብ የንብረት ክፍል ጠባቂ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም በሶማልኛው አዴር እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሰው፣ ጥግ ጥጉ በተበላ ሰማያዊ ደብተር ላይ ኳስ ስንት እንደ ወጣና ስንት እንደ ተመለሰ፣ የመጠጥ ውኃው ጀሪካን በባጃጅ የመጣበትንና ልጆቹ በትከሻቸው የተሸከሙበትን ቀን፣ ደመወዝ ሲዘገይ ከልምምድ ቀርተው ወደ ድንበሩ ከተማ ወደ ቶጎጫሌ ለንግድ የወረዱትን ተጫዋቾች ስም ሳይቀር በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ለይተው ይመዘግቡ ነበር። እኔ ያኔ የሽማግሌ ቁጥብነት መስሎኝ እስቅ ነበር።

ከዚያ ክለብ የተሰናበትሁት በውጤት ማነስ ነው። ለብዙ ዓመታትም ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ደመወዝ ባልተከፈላቸው ልጆች ምን ላደርግ ኖሯል እያልሁ እመልስ ነበር፤ ያመኑኝም ብዙዎች ናቸው። የዚያን ዘመን ሥራዬን በዚሁ ሚዛን ልፈትን ብዬ ደብተሩን ተውሼ፣ ወራቱን ከጨዋታዎቹ ጋር አንድ በአንድ ባመሳከርሁ ጊዜ፣ ብዙውን ነጥብ ያገኘነው ደመወዝ በተቋረጠባቸው ወራት ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡ በመጣ ጊዜ እኔ አዲስ ተጫዋቾች አስፈርሜ፣ በባዶ ሆድ የተጫወቱልኝን ልጆች ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጬ ኖሯል።

ደብተሩን ልመልስ በሄድሁ ጊዜ አዴር የወተት ሻይ አስቀዱልኝና ያየሁትን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ኮች፣ እኔ እኮ ያኔም ዐውቄው ነበር፤ አንተ ግን ጫማና ማሊያ እንጂ ሌላ ነገር ጠይቀኸኝ አታውቅም» አሉኝና ደብተሩን ተቀብለው ከመደርደሪያው ላይ መልሰው አኖሩት።