ሊብሬው የማይናገረው፦ የመጀመሪያ ባለቤት ትዝታ እንደ ታሪክ ምንጭ

ባኒያስ ከአቡ ዳቢ ወደ አል ዐይን በሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ ያለች የከተማ ዳርቻ ናት። ስሟ የአቡ ዳቢና የዱባይ ገዥ ቤተሰቦች የሚመዘዙበት የባኒ ያስ የነገድ ኅብረት ስም ነው። ከአቡ ዳቢ አል ዐይን ድረስ ያለውን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አስፋልት ከመምጣቱ በፊት በግመል ለማቋረጥ ቀናት ይወስድ ነበር። በዚህ አካባቢ አሮጌ የአሜሪካ መኪኖች ዛሬ ተወልውለው፣ ጥላ ሥር ሆነው ይታያሉ። ከመኪኖቹ ጋር የሌለው የመጀመሪያ ባለቤቶቻቸው ድምፅ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም እሱ ነው፤ የባለቤቱ ትዝታ ለመኪናው ማጣፈጫ ሳይሆን ራሱን የቻለ የታሪክ ማስረጃ ነው።

ለምሳሌ የአሜሪካውን ስፖርት መኪና፣ የኮርቬትን ነገር እንመልከት። ሼቭሮሌት በ1953 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ግዛት በፍሊንት ከተማ 300 ኮርቬቶችን ብቻ ሠራ። ሁሉም ውጫቸው ነጭ፣ ውስጣቸው ቀይ፣ አካላቸውም ፋይበር ግላስ ነበር። በሮቻቸው ከውጭ እጀታ አልነበራቸውም፤ በመስታወት ፈንታም ሲያስፈልግ የሚገጠም የፕላስቲክ መጋረጃ ነበራቸው። የፋብሪካው ሰነድ ይህን ሁሉ በትክክል ይመዘግባል። ዶፍ ዝናብ መንገድ ላይ ሲይዝ ያን መጋረጃ መግጠም ምን ዓይነት ሥራ እንደነበር የሚያውቀው ግን የነዳው ሰው ነው። ስድስት ሲሊንደሩ ሞተርና ባለ ሁለት ማርሹ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ስፖርት መኪና ነው ብሎ የገዛውን ሰው አስደስተውት ይሁን አሳዝነውት፣ እሱም ከሰነዱ አይገኝም።

በ1974 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ የኮርቬት አዳሾች ማኅበር ዳኞቹን አሠልጥኖ እያንዳንዱን ብሎንና የቀለም ምልክት ያስመረምራል። ከ1967ቱ ሞዴል ጀምሮ በነዳጅ ታንኩ አናት ላይ ተለጥፎ የሚወጣው ወረቀት ሲገኝ እንደ ትልቅ ማስረጃ ይቆጠራል፤ መኪናው ከምን ከምን ጋር እንደተሸጠ ይዘረዝራልና። ትጋቱ የሚደነቅ ነው። ዓላማው ግን መኪናውን ከፋብሪካ ወደወጣበት ቀን መመለስ ነው፤ የባለቤቱ ትዝታ ደግሞ የሚጀምረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ሃምሳ ዓመት የተነዳ መኪና እንዳልተነዳ ሲደረግ፣ የዳኞቹን ምርመራ ያልፍ ይሆናል እንጂ የሕይወት ታሪኩን ያጣል።

የፎርድ መስታንግ ሁለት የመጀመሪያ ባለቤቶች ነገሩን ግልጽ ያደርጉታል። (መስታንግ የተሠራው በቤተሰብ መኪናው በፋልከን ላይ ስለሆነ ስፖርት መኪና አይባልም የሚሉ አሉ፤ የገዙት ወጣቶች ግን እንደዚያ ነበር የሚያዩት።) ስታንሊ ታከር የተባለ ካናዳዊ የአየር መንገድ አብራሪ በኒውፋውንድላንድ የገዛው ነጭ መስታንግ ቁጥር አንድ ሆኖ ተገኘ። ፎርድ መኪናውን ለታሪክ ፈለገውና በ1966 እ.ኤ.አ. በአንድ ሚሊዮንኛው መስታንግ ለወጠው፤ መኪናው አሁን በዲርቦርን፣ በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ይገኛል።

ሁለተኛዋ በቺካጎ የምትኖር የ22 ዓመት መምህርት ነበረች። መኪናው ለሕዝብ ከመቅረቡ ከሁለት ቀን በፊት፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1964 እ.ኤ.አ.፣ ሻጩ ከጀርባ ክፍል ሸራ ገልጦ ያሳያትን ሰማያዊና ጣሪያው የሚታጠፍ መስታንግ በ3,447 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገዛች። መንገደኛው ሁሉ እጁን እያውለበለበላት እንደነዳች ታስታውሳለች። ኋላም ልጆች መጡ፤ መኪናው ተበላሸና ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ27 ዓመት ጋራዥ ውስጥ ቆመ፤ በመጨረሻ ባሏ ጡረታ ወጥቶ አደሰው። በአሜሪካ ምድር የታወቀችው የመጀመሪያዋ የመስታንግ ገዢ ተብላ ልትመዘገብ የቻለችው ደረሰኙን ስላልጣለች ነው። ትዝታ ወረቀት ሲያጣ ይዋዥቃል፤ ወረቀትም ትዝታ ሲያጣ ዲዳ ይሆናል። ከሁለቱ መኪኖች የታከሩ በሙዚየም ዘንድ ይበልጥ ይከበራል። ስለ 1960ዎቹ አሜሪካ፣ የራሷን መኪና ስለገዛች ወጣት ሴትና ስለ አንድ ቤተሰብ ኑሮ የሚያስተምረን ግን የመምህርቷ ነው።

ወደ አቡ ዳቢ ስንመለስ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። የአቡ ዳቢ ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ የጀመረው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በአሸዋው ላይ ወገቡ ዝቅ ያለ ስፖርት መኪና ምንም አይፈይድም ነበር። የዘመኑ ባለውለታዎች ላንድሮቨርና ዶጅ ፓወር ዋገን ናቸው፤ ሁለተኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደራዊ መኪና ተወልዶ በ1946 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ፣ 94 የፈረስ ጉልበት ያለው የሥራ መኪና ነበር። የአል ዐይን ቤተ መንግሥት ሙዚየም የአቡ ዳቢ ገዥ የነበሩት ሼኽ ዛይድ በበረሃ ይሄዱበት የነበረውን ዓይነት ላንድሮቨር በግቢው አቁሟል።

ከአቡ ዳቢ በስተደቡብ፣ በሐሚም መንገድ፣ ሼኽ ሐማድ ቢን ሐምዳን አል ናህያን የፒራሚድ ቅርጽ ያለው የመኪና ሙዚየም ሠርተዋል። በ1983 እ.ኤ.አ. ለሠርጋቸው ያሠሯቸው የቀስተ ደመና ቀለም ያላቸው ሰባት መርሰዲሶች እዚያ አሉ። ከሙዚየሙ ውጭ ደግሞ፣ በውስጡ መኖሪያ ክፍሎች ያሉት፣ ከልኩ ብዙ እጥፍ የገዘፈ ፓወር ዋገን ቆሟል። ብዙ ጎብኝዎች ይህን ግዙፍ መኪና የባለጸጋ ጨዋታ አድርገው ያዩታል። ፍርዱ የችኮላ ነው። በረሃውን በዚያ መኪና ያቋረጠ ትውልድ ለልጆቹ የነገረው ነገር፣ በብረት ሲገለጽ እንዲህ ቢገዝፍ አይገርምም። መርሰዲሶቹ ደግሞ የመጀመሪያ ባለቤታቸው ራሱ ሰብሳቢ ስለሆነ ከነታሪካቸው ተቀምጠዋል። ከባሕር ማዶ በግዢ የሚመጣ የአሜሪካ ስፖርት መኪና ግን በሌላ አገር የኖረ፣ የሌላ ሰው ትዝታ የነበረው ንብረት ነው፤ ሲሸጥ ሊብሬው ይተላለፋል፣ ትዝታው ከሻጩ ጋር ይቀራል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ጥያቄው ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኪኖች ለእይታ ቀርበዋል። ከዚያው ግቢ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የተወሰዱት ግን በአንዲት ቮልስዋገን ነበር። የእሳቸው ያልነበረችውን ያችን መኪና አገር ያስታውሳታል፤ ስለ ራሳቸው መኪኖች ግን ሕዝቡ የሚያወራው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ምስክሮቹ መሪ የጨበጡት ሾፌሮችና ከሥር የተኙት መካኒኮች ናቸው። ያኔ 25 ዓመት የነበረው ሾፌር ዛሬ 75 አልፎታል። የትኛው መኪና በየትኛው ዳገት እንደሚግል፣ መለዋወጫው ከየት ይመጣ እንደነበር፣ ሰልፍ ባለበት ቀን በየትኛው በር ይወጡ እንደነበር በድምፅ መቅረጫ ፊት የሚጠየቀው እሱ ነው።