ቁጥሩ ወረደ ማለት ካንሰሩ ሞተ ማለት ነው እንዴ?

በእንስሳት ላይ ስለሚደረግ የጡት ካንሰር ምርምር የሚጻፉ ዜናዎች ብዙ ጊዜ ይመሳሰላሉ። አይጦቹ የሆርሞን ሕክምና ተሰጣቸው፣ የዕጢው ጠቋሚ ወረደ፣ ስለዚህ መድኃኒቱ ሠራ! ቆይ፣ የወረደው ምኑ ነው?

በብዛት ከሚለኩት ጠቋሚዎች አንዱ ኪ-67 የሚባል ፕሮቲን ነው። ለመከፋፈል ሥራ ላይ ባሉ ሴሎች ውስጥ ይገኛል፤ ባረፉት ውስጥ ግን የለም። ብዙ የጡት ካንሰሮች የሚያድጉት ኢስትሮጅን በተባለው ሆርሞን እየታገዙ ነው። ታሞክሲፌን የተባለው መድኃኒት በካንሰሩ ሴል ውስጥ የኢስትሮጅንን መቀመጫ ይይዝበታል። ያኔ መከፋፈሉ ይቀንሳል፣ ኪ-67ም ይወርዳል። ጥሩ ነው፤ መድኃኒቱ ዒላማውን መምታቱን ያሳያል። ግን የተኛ ሴል ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም።

ይህን ያስተማሩን አይጦቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 ቻርልስ ሃጊንስና ባልደረቦቹ ሴት አይጦችን ካንሰር አምጪ ኬሚካል አንድ ጊዜ ብቻ በማብላት የጡት ዕጢ ማስነሳት እንደሚቻል አሳዩ። ከዓመታት በኋላ ክሬግ ጆርዳን በዚሁ ዘዴ ታሞክሲፌንን ፈተነ። መድኃኒቱን ለአጭር ጊዜ በወሰዱት አይጦች ላይ ዕጢው ዘገየ እንጂ አልቀረም። ሳያቋርጡ የወሰዱት ግን በአብዛኛው ከዕጢ ተጠበቁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ ብናያቸው ኖሮ ሁለቱን ቡድኖች በምን እንለያቸው ነበር? ሁለቱም ያኔ የሚወስዱት ያንኑ መድኃኒት ነው። የለያቸው ጊዜ ነው።

በሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶችም በኋላ ይህንኑ አረጋገጡ፤ ታሞክሲፌንን ለ5 ዓመት መውሰድ ለ1 ወይም ለ2 ዓመት ከመውሰድ ይሻላል።

እርግጥ አይጥ የሰው ትንሽዬ ቅጂ አይደለችም። የእነዚህ አይጦች ዕጢ ፕሮላክቲን በተባለ ሌላ ሆርሞንም በጣም ይመካል፤ ስለዚህ የታየውን ሁሉ እንዳለ ወደ ሴቶች ማዞር አይቻልም። የእኔ ትችት ግን በአይጦቹ ላይ አይደለም፤ አንድ ቀን በተለካ ቁጥር ላይ ተመርኩዞ ድል በሚያውጅ ጽሑፍ ላይ ነው።

እንዲህ ዓይነት ዜና ስታነቡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ጠቋሚው የተለካው መቼ ነው? መድኃኒቱ ሲቆምስ ምን ሆነ? መልሱ ከሌለ ታሪኩ ገና አላለቀም። «ውጤቴ ጥሩ ነው» ብላ ክኒኗን ለማቆም ለምታስብ እናት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።