የኬዝ ማኔጅመንት ሥልጠና በቢቸናና በሞጣ መንገድ ሲመዘን

በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት «ኬዝ ማናጀር» የሚለው መጠሪያ የተለመደው ከፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ጋር ተያይዞ ነው። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ጀምሮ አገልግሎቱ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድ፣ ሐኪሙና ነርሷ ብቻቸውን ሊሸፍኑት የማይችሉት ሥራ መኖሩ ታየ። ቀጠሮውን ያሳለፈውን ፈልጎ ማግኘት፣ ውጤቷን ለባሏ መንገር የፈራችውን ማበረታታት፣ የሚቀምሰው ያጣውን ከረጂ አካል ጋር ማገናኘት የኬዝ ማናጀሩ ድርሻ ሆነ። ከጎኑ ከተሰለፉት የመድኃኒት አወሳሰድ ደጋፊዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ስለነበሩ፣ ታካሚውን የሚያናግሩት ከመጽሐፍ ባልተገኘ ዕውቀት ነበር። የሥራው ጠቀሜታ አያከራክርም። ትችት የሚገባው ሠራተኛው ለዚህ ሥራ የሚዘጋጅበት መንገድ ነው።

ሥልጠናው በአመዛኙ አጭር ነው፤ ከተማ ላይ፣ በአዳራሽ ውስጥ ይሰጣል። የምክር አገልግሎትን፣ የምሥጢር አጠባበቅንና የቅጽ አሞላልን ያስተምራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሚገባ የተሰጡ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ከሚገባው በላይ ሰፍቷል። ሠልጣኙ የሪፈር ወረቀት መጻፍን ጠንቅቆ ይወጣል። ወረቀቱ የደረሰበት ተቋም መልስ ባይሰጥ ማንን እንደሚጠይቅ፣ በምን ሥልጣን እንደሚጠይቅ ግን አይማርም። ከዚህም በላይ ሥልጠናው የተቀረጸው ለአንድ በሽታ ነው። ታካሚው ግን አንድ በሽታ ብቻ ይዞ አይመጣም።

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚደርሰውን መንገድ ይዞ ጉዳዩን መመርመር ይቻላል። ከዚህ አካባቢ ወጣቶች በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። ከእነዚህ አንዱ በቆላው ካላዛር ይዞት ጎንደር ተኛ እንበል፤ በምርመራም ኤች አይ ቪ ተገኘበት። በአገሪቱ የተለመደው የ17 ቀን የጥምር መርፌ ሕክምና ለካላዛር ብቻ ለተያዘ ሰው የታሰበ በመሆኑ፣ ሁለቱ ለተደረቡበት ሕክምናው ሌላ ነው፤ የካላዛሩ ማገርሸትም በእነዚህ ሰዎች ላይ እጅግ የበዛ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ድኖ ቢቸና ቢመለስም ክትትሉ አያበቃም። ከወራት በኋላ ትኩሳት ሲነሣበትና ሆዱ ሲነፋ ወባ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ፣ የጎንደሩ የሕክምና ማጠቃለያ ቢቸና መድረስ አለበት። በቆላው ሳለ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የምዝገባ ወቅት አልፎት ከሆነ ደግሞ ወጪው ሌላ ጭንቅ ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ ክሊኒኩ ሠራተኛ ከእነዚህ ጉዳዮች አንዱን ብቻ ይከታተል ዘንድ ሠልጥኗል፤ የቀሩት ባለቤት የላቸውም።

የእግር እብጠቱ በሽታ፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ደግሞ ጨርሶ ኬዝ ማናጀር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በምሥራቅ ጎጃሙ ደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃሙ ደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ከመቶ 3.3 የሚሆኑት በዚህ ሕመም እንደተያዙ አሳይቷል። መንስኤው በቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር መሄድ ነው። ሕክምናው እግርን በየቀኑ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ እብጠቱን በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ ነው። መርፌ ወይም ክኒን የሚያሻው ቁስሉ ሲመረቅዝ ነው። ያበጠ እግር የሚገባበት ጫማ ከየት እንደሚገኝ፣ ውሃውን ማን እንደሚቀዳ፣ «በዘር ነው» ተብሎ ጋብቻ የተከለከለችውን ልጅ ማን እንደሚያቆማት የሚጠይቅ ሠራተኛ ከሌለ የሐኪሙ ምክር ከቃል አያልፍም።

የቤት ለቤት ጉብኝትም እንዲሁ ለአካባቢው ታስቦ አልተቀረጸም። በ1960 ዓ.ም. በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት አውራጃዎች ገበሬው በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ያመፀው፣ በመሬቱ ላይ የሚመጣ ግምትና ምዝገባ ርስቱን የሚነካ መስሎ ስለታየው ጭምር ነበር። መዝገብ ይዞ ደጃፍ የሚቆም እንግዳ በዚህ አገር ምን ትዝታ እንደሚቀሰቅስ ያልተነገረው ሠልጣኝ፣ የገጠመውን ዝምታ «ተባባሪ አይደሉም» ብሎ በቅጹ ላይ ይሞላዋል። በብዙ ቤት የመጀመሪያው የምሥጢር ተካፋይ የነፍስ አባት መሆናቸውም እንዲሁ ይዘነጋል። መድኃኒት ትቶ ጸበል የገባን ታካሚ ለመመለስ ከእሳቸው የሚቀርብ ሰው አይገኝም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል፤ ሠልጣኙ ይህን ይዞ ወደ ነፍስ አባት እንዲሄድ ማስተማር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሥልጠናው ወደ ቋሚ ሙያ የማያደርስ መሆኑ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር አንድ ዓመት ሠልጥና በመንግሥት ደመወዝ በቀበሌዋ ተመደበች። የኬዝ ማናጀሩ ደመወዝ በአብዛኛው የተንጠለጠለው በፕሮጀክት ላይ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም፣ ጤና ሚኒስቴር በዚያው ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አደረገ። ዘርፉ እንዲህ ያለ መቋረጥ ሲደርስበት የመጀመሪያው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1959 የተከፈተው የሶሻል ዎርክ ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ ተዘግቶ ትምህርቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመካከል ባሉት 30 ያህል ዓመታት ሊያስተምሩ ይችሉ የነበሩ መምህራን ሳይተኩ ቀሩ።

ሥልጠናው ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጋር ተያይዞ፣ የተግባሩ ክፍል በቢቸናና በሞጣ ሆስፒታሎችና በዙሪያቸው ባሉ ጤና ጣቢያዎች ቢሰጥ መልኩ ይለወጣል። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ጥቂት ቤተሰቦችን ከአንዱ መኸር እስከ ቀጣዩ ይከታተል፤ በአጨዳ ወቅት ከቤት የሚጠፋው ማን እንደሆነ፣ በክረምት መንገድ ሲቆረጥ ክኒኑ በማን እጅ እንደሚደርስ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያየዋል። ምዘናውም በተላኩ ወረቀቶች ብዛት መሆኑ ቀርቶ መልስ ይዘው በተመለሱት ይሁን። የሥራ መደቡን በተመለከተ የጤና ጽሕፈት ቤቱና የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ሰውየው የማን ተጠሪ እንደሚሆን፣ ደመወዙም ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ የመጀመሪያው ሠልጣኝ ከመመዝገቡ በፊት መስማማት ይኖርባቸዋል።