የኪሊማንጃሮ አስታማሚ

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን በየዓመቱ የማልዘለው አንድ አጭር ልቦለድ ነበር፤ የኧርነስት ሄሚንግዌይ «የኪሊማንጃሮ በረዶዎች»። እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመ ነው። ላላነበባችሁት ባጭሩ ላውጋችሁ። ሃሪ የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ ከሀብታም ሚስቱ ጋር ለአደን ምሥራቅ አፍሪካ ይመጣል። አውሬ ፎቶግራፍ ሊያነሳ ሲጠጋ እሾህ ጉልበቱን ይጭረዋል። አዮዲን ሳይቀባው ይተወዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ እግሩ ይበሰብሳል። መኪናቸው ተበላሽቷል። እነሱ አውሮፕላን ይጠብቃሉ፤ አሞሮቹ ደግሞ ከሰፈሩ አጠገብ ቁጭ ብለው እሱን ይጠብቃሉ። ፔኒሲሊን እ.ኤ.አ. በ1928 ቢገኝም ከበሽተኛ አልጋ የደረሰው በ1940ዎቹ ነውና፣ ያቺ ሳትቀባ የቀረች አዮዲን ቀላል ነገር አልነበረችም።

ምኑን ነበር የማስተምረው? በሃሪ ትኩሳት ውስጥ የሚመላለሱትን ትዝታዎች፤ ፓሪስን፣ ጦርነቱን፣ ሳይጻፉ የቀሩትን ታሪኮች። በረዶው የምን ተምሳሌት ነው? ነብሩ እዚያ ተራራ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ? ጥቁር ሰሌዳው በቀስት ይሞላል። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ሴትዮዋ ግን መቼ ነው የምትተኛው?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና «ከርዕሳችን አንውጣ» ብዬ ወደ ነብሬ ተመለስሁ።

የልጅቷ ጥያቄ እንዲገባኝ መታመም ነበረብኝ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ሐኪሞቹ መድኃኒት ሰጥተው «ጊዜ ይፈልጋል» አሉኝ፤ ባለቤቴ መድኃኒቱን ሳታስቋርጠኝ ጠበል ጨመረችበት። ከከተማ ወጣ ባለ አንድ ጠበል ቦታ፣ ከሸራና ከላስቲክ በተሠራች ደሳሳ ቤት ሁለት ወር ከምናምን ተቀመጥን። እሷ በሌሊት ተነስታ ደግፋ ወደ ጠበሉ ትወስደኛለች፤ ስንመለስ በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ዳገቱን ትወጣለች፤ ከሰል አያይዛ አጥሚት ታሞቅልኛለች። እኔስ? እኔማ አማርራለሁ። አጥሚቱ ቀጠነ፣ ጭሱ በዛ፣ እዚህ ምን አመጣሽኝ። አንድ ቀን ጭራሽ «እኔን ያሳመመኝ ያንቺ ጭቅጭቅ ነው» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። ወጥታ ጀሪካኗን ማጠብ ጀመረች።

ይዤ ከሄድኳቸው ሦስት መጻሕፍት አንዱ የሄሚንግዌይ ነበር። በዚያው ሳምንት፣ በባትሪ ብርሃን ገለጥኩትና ደነገጥሁ። ሃሪ ሴትዮዋን «ወድጄሽ አላውቅም» ይላታል። ገንዘቧን እያነሳ ይሰድባታል፤ ቆየት ብሎ ይጸጸትና የለመደውን የፍቅር ውሸት ይደግምላታል። እሷስ ምን ትሠራለች? ላንብብልህ ትለዋለች። ውስኪው ይጎዳሃል ትለዋለች። ጠመንጃዋን ይዛ ትወጣና ሚዳቋ ገድላ ትመጣለች፤ ሾርባ እንዲሆነው። አብራሪው ጭሱን አይቶ እንዲያርፍ እንጨትና ሣር አስዘጋጅታለች። ቀደም ሲል ባሏ የሞተባት፣ ከዚያም አንድ ልጇን በአውሮፕላን አደጋ ያጣች ሴት ናት። ይቺ ሴት ናት እንግዲህ ቀን ከሌት ሰማይ ሰማይ እያየች አውሮፕላን የምትጠብቀው! ይህን ሁሉ ሄሚንግዌይ ጽፎታል። እየዘለልኩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ደራሲውስ ቢሆን ንጹሕ ነው ወይ? ሴትዮዋን በአመዛኙ የምናያት በሃሪ ዓይን ነው። ስሟን እንኳ (ሔለን ትባላለች) ከስንት አንዴ ነው የምንሰማው። ለሱ ትዝታ በገጽ በገጽ ይሰፈርለታል፤ ለሷ መጨረሻ ላይ አንዲት አጭር ሕልም ትጣልላታለች። ሞሎ የተባለው አገልጋይማ ውስኪ ከማመላለስና «እሺ ጌታዬ» ከማለት ያለፈ ዕድል የለውም። እሱም እኮ አስታሟል።

ሄሚንግዌይ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1933 መጨረሻ ከሁለተኛ ሚስቱ ከፖሊን ጋር ለአደን እዚያው አገር መጥቶ ነበር። ወጪውን የቻሉት የሷ አጎት ናቸው። በአሜባ ክፉኛ ታመመ፤ በትንሽ አውሮፕላን ናይሮቢ ተወስዶ ዳነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ሀብታም ሚስቱን የሚሰድብ በሽተኛ ጻፈ። ትዳሩም እ.ኤ.አ. በ1940 ፈረሰ። ልቦለድን ከደራሲው ጓዳ ጋር ማምታታት ነውር ነው እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም የአጎትየውን ብር ሳስብ ሃሪ ስለ ገንዘብ ሲነጫነጭ ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

በእኛ ቋንቋ የሔለን ሥራ ስም አለው፤ አስታማሚ። ቃሉን ፈታ አድርጋችሁ እዩት፤ «ታመመ» ሆዱ ውስጥ ተቀምጧል።

እ.ኤ.አ. በ1952 ግሪጎሪ ፔክ የተወነበት ፊልም ሃሪን አድኖታል። ተመልካቹ ደስ ብሎት ይሆናል፤ እኔ ግን ከልቦለዱ ዋናውን ነገር ሰረቀው ባይ ነኝ። በልቦለዱ ሃሪ በሕልሙ ወደ በረዶው ጫፍ እየበረረ ነው። ጅብ ይጮኻል፤ እሷ ትባንናለች፤ ባትሪ ታበራለች። እግሩ ከአልጋው ወጥቶ ተንጠልጥሏል፣ ፋሻው ተፈቷል። ልታየው አልቻለችም። ትጠራዋለች፣ አይመልስም። በረዶው ለሱ ደረሰው፤ ድንኳኑና ፋሻው ለሷ። ሄሚንግዌይ ታሪኩን በሃሪ በረራ መዝጋት ይችል ነበር። አልዘጋም። ለዚህ አከብረዋለሁ።

ይህን ጽሑፍ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ለባለቤቴ አነበብኩላት። የጀሪካኑ ጋ ስደርስ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጨርሼ ወረቀቱን ሳጥፍ፣ «ለመሆኑ ሰውዬው ሾርባውን ጠጣው?» አለችኝ።

«አስቸግሮ አስቸግሮ ጠጣው» አልኳት።