ሁሉም አንጻራዊ ነው ያለው ማን ነው?

በሥነ ጽሑፍ ክርክር መሐል «ሁሉም ነገር አንጻራዊ ነው፤ አይንስታይን እንኳ ብሎታል» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥሩውን ድርሰት ከመጥፎው ላለመለየት ምቹ መሸሸጊያ ነው። እንዲህ ባዩ ግን አይንስታይን ራሱ ለተራው አንባቢ የጻፋትን ትንሽ መጽሐፍ አልገለጣትም። በጀርመንኛ በ1917 ታተመች፤ በ1920 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ርዕሷ ስለ አንጻራዊነት ያውራ እንጂ ክርክሯ የቆመው በማይለዋወጥ ነገር ላይ ነው፤ በብርሃን ፍጥነት።

ባቡር ውስጥ ወደ ፊት የሚራመድ ሰው፣ ሐዲድ ዳር ለቆመ ተመልካች፣ ፍጥነቱ ከባቡሩ ጋር ተደምሮ ይታያል። ብርሃን ግን ለዚህ ሒሳብ አይገዛም። በባዶ ሕዋ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ፋኖሱ ቢሮጥም ቢቆምም፣ የሚለካው ሰው ቢከተለውም ቢሸሸውም ያው ነው። ማይክልሰንና ሞርሊ በ1887 የምድር ጉዞ በብርሃን ላይ ሊያመጣ ይገባ የነበረውን ልዩነት ፈልገው አጥተዋል።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ የሕፃን ጥያቄ ይመስላል፤ «በአንድ ጊዜ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ሁለት መብረቅ የሐዲዱን ሁለት ቦታ ይመታል እንበል። መካከል ላይ የቆመው ሰው ሁለቱን ብልጭታ እኩል ያያል። በዚያች ቅጽበት በትይዩው የነበረው፣ በረጅሙ ባቡር መካከል የተቀመጠው መንገደኛ ግን ወደ ፊት እየገሰገሰ ስለሆነ የፊተኛው ብልጭታ ቀድሞ ይደርሰዋል።

እዚህ ላይ መጽሐፏ ትቸኩላለች። ደራሲው የመንገደኛውን ነገር ሐዲድ ዳር ቆሞ ስለሚተርከው፣ ጉዳዩ የዓይን ማታለል ብቻ መስሎን እንቀራለን። መባል የነበረበት እንዲህ ነው፤ መንገደኛውም ቢለካ ከፊትም ከኋላም ለሚመጣው ብርሃን ያንኑ ፍጥነት ያገኛል። መብረቆቹ ባቡሩ ላይ ካሳረፉት ጠባሳም እኩል ይርቃል። ስለዚህ «የፊተኛው ቀድሞ ወድቋል» ከማለት በቀር ምርጫ የለውም። ሁለቱም ልክ ናቸው! ብርሃን አንድ ሆኖ ይቆይ ዘንድ የጋራችን የመሰለን «አሁን» ተቆረሰ። አንድ አንቀጽ ቢጨመርላት ስንቱ አንባቢ ከመደናገር ይድን ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ዳገት ነው። ስበት ይገባል፣ ብርሃን ይጎብጣል፤ የፍጥነቱ ሕግም ስበት ባለበት ገደብ እንዳለው ደራሲው ሳይሸሽግ ይናገራል። ይህ ያስመሰግነዋል።

ጊዜ ያጠረው አንባቢ የመጀመሪያዎቹን 17 ምዕራፎች ይያዝ፤ ዘጠነኛውን ግን ሁለት ጊዜ፣ ባቡሩንና ሐዲዱን ወረቀት ላይ እየሣለ ቢያነብ ይበጀዋል።