የእነዋሪ መደብ

ጅሩ ሲነሳ ሰው የሚያወራው ስለ ሰንጋው ነው። እኔ ግን በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ፣ እነዋሪ ዙሪያ በክረምት የሚወጣውን የማሳ መደብ አስበልጣለሁ።

የአካባቢው አፈር ዋልካ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲጠግብ ያብጥና ውኃውን አላሰርግ ብሎ ያቁራል። የስንዴው ሥር አየር ያጣል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። በውድ የተገዛው ማዳበሪያም ቢሆን ከናይትሮጂኑ ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ይበናል። ስለዚህ በብዙ የዋልካ አገር ገበሬው ዝናቡ እስኪቀንስ ጠብቆ፣ ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም ላይ በተረፈው እርጥበት ይዘራል። እስከዚያ ድረስ ታርሶ ባዶውን የተኛው መሬት በጎርፍ ይታጠባል።

እነዋሪዎች ይህን ያህል አይጠብቁም። በሬ ካረሰ በኋላ ቤተሰቡ፣ በተለይ ሴቶችና ልጆች፣ አጎንብሰው ጭቃውን በእጃቸው ከቦዩ እየዛቁ መደቡ ላይ ይከምራሉ። ትርፉ ውኃ በቦዩ ይወርዳል፤ ዘሩ ከፍ ብሎ ይተነፍሳል። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፤ እያደነቅሁ ይህን ብዘለው ነውር ይሆንብኛል። ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለት ማረሻ አጣምረው የሠሩት፣ ቢቢኤም የሚባለው መደብ ማውጫ፣ ይህንኑ ድካም ለበሬ የሚያሸክም ነው።

ጤፍ ውኃ ይችላል። ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ናቸው መደብ የሚሹት። በውኃው መውረጃ ግን ከጎረቤት ጋር መስማማት ግድ ነው፤ አለዚያ የላይኛው ማሳ ሲጠነፍፍ የታችኛው ይጥለቀለቃል።