ጆሮ ይቅደም

አዋቂዎችን ፒያኖ ሳስተምር ደጋግሜ የምሰማው ዕቅድ አለ፦ «መጀመሪያ ኖታውን ልጨርስ፣ ስሜቱን ከዚያ በኋላ እጨምርበታለሁ።» ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ችግሩ እጅ የሚማረው ያሰብነውን ሳይሆን ያደረግነውን መሆኑ ነው። አንድን ሐረግ ሳምንቱን ሙሉ በደረቁ የተጫወተ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ድርቀትን ተለማምዷል። በኋላ «አሁን ነፍስ ልዝራበት» ሲል እጁ የሚያውቀው ያንኑ ደረቅ ነገር ነው፤ አዲሱን ከመገንባቱ በፊት አሮጌውን ማፍረስ ይጠብቀዋል።

እኔ የማምነው ስሜት መጨረሻ ላይ የሚጨመር ጌጥ አለመሆኑን ነው። ስሜት ስንል የውሳኔዎች ድምር ማለታችን ነው፤ የትኛው ድምፅ ይጉላ፣ የትኛው ይለስልስ፣ ሐረጉ ወዴት ያምራ፣ የት ይተንፍስ? ይህን የሚወስነው ጆሮ ነው፤ ውሳኔውም ከጣት መቅደም አለበት። ከሥራና ከልጆች የተረፈች ጊዜ ብቻ ላለችው ሰው ደግሞ ይህ ቅደም ተከተል ድርብ ጥቅም አለው። አዋቂ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዘፈንና ዝማሬ ሲሰማ ኖሯል፤ ጆሮው ከጣቱ ብዙ ቀድሞ ሄዷል። ያን ሀብቱን ከበር ውጭ አስቀምጦ በጣቱ ብቻ መማሩ ያሳዝነኛል።

ነገሩን በአንድ ሥራ ላይ ላሳይ፤ በሾፐን የኢ ማይነር ፕሬሉድ፣ ኦፐስ 28 ቁጥር 4። ሃያ አራቱን ፕሬሉዶች ሾፐን የጨረሰው ማዮርካ ደሴት ላይ፣ ቫልዴሞሳ በሚገኘው ገዳም በከረመበት ጊዜ ሲሆን በ1839 እ.ኤ.አ. ታተሙ። ይህኛው 25 ባር ብቻ ነው። ቀኝ እጅ ዝግ ያለ ዜማ ይዟል፤ ግራ እጅ ባለ ሦስት ድምፅ ቾርዶችን በእኩል ምት ይደጋግማል። ኖታው ስለማይከብድ ብዙ አዋቂዎች ቶሎ ይደርሱበታል፤ ደርሰውበትም «ለምን እንደምሰማው ቅጂ አይሆንልኝም?» ይላሉ።

መልሱ የሚጀምረው ከመሣሪያው አሠራር ነው። ቁልፉን ስንጫን መዶሻው ወደ ክሩ ይወረወራል፤ ክሩን ከመምታቱ ጥቂት ቀደም ብሎም ከቁልፉ ይላቀቃል። ስለዚህ የድምፁን ጉልበት የሚወስነው ቁልፉ የወረደበት ፍጥነት ነው። ድምፁ አንዴ ከወጣ በኋላ ማጉላት አይቻልም፤ ወዲያው መክሰም ይጀምራል። ልዩነቱን ለማየት ኦርጋንን አስቡ፤ ኦክቶበር 30 ቀን 1849 እ.ኤ.አ. ፓሪስ በማድሌን ቤተ ክርስቲያን በተካሄደው የሾፐን የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ይኸው ፕሬሉድ በኦርጋን ተጫውቷል። በኦርጋን ላይ ቁልፉ እስኪለቀቅ ድረስ ድምፁ ባለበት ይጸናል። በፒያኖ ግን ዜማ የሚሠራው እየከሰሙ በሚሄዱ ድምፆች ነው፤ የተጫዋቹም ጥበብ ያንን ክስመት ማድመጥ ነው።

የመጀመሪያውን ባር ተመልከቱ። ረጅሟ «ቢ» ትመታለች፤ ቆይታም ለ«ሲ» ቦታዋን ትለቃለች። ተማሪው «ሲ»ን «ቢ» በተመታችበት ጉልበት ከመታት ዜማው ይሰበራል፤ ምክንያቱም ያ የመጀመሪያው ጉልበት እስከዚያ ድረስ ጠፍቷል። «ሲ» መውጣት ያለባት ከ«ቢ» ቅሪት ውስጥ ነው። ምን ያህል ቅሪት እንዳለ የሚነግረን ቁጥር ወይም የኖታ ምልክት የለም። ፒያኖው ይለያያል፣ ክፍሉ ይለያያል፣ ቀኑም ይለያያል። የቀረውን ሰምቶ ቀጣዩን ከእሱ ጋር ማስማማት ብቻ ነው መንገዱ። ሌጋቶ የሚባለው፣ ድምፆችን ሳይቆራረጡ አያይዞ መጫወት፣ መጀመሪያ የጆሮ፣ ቀጥሎ የጣት ሥራ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ልምምዳችን ከፒያኖው ርቆ ይጀመር። ዜማውን አንጎራጉሩት፤ ድምፃችሁ ማማር የለበትም። ሾፐን ራሱ ተማሪዎቹን ታላላቅ ዘፋኞችን እንዲሰሙ ይገፋፋቸው እንደነበር ተማሪዎቹ ተርከዋል። ስታንጎራጉሩ ትንፋሻችሁ የት እንደሚያልቅ፣ የትኛው ድምፅ እንደሚስባችሁ ይገለጥላችኋል። የመጀመሪያው ረጅም አንቀጽ እስከ 12ኛው ባር ይዘልቃል፤ እያንዳንዱን ባር እንደ ሙሉ አሳብ ከዘጋችሁት አሥራ ሁለት ቁርጥራጭ ይሆናል። አማርኛ ስንናገር ግሡ እስኪመጣ ድረስ አሳባችንን ይዘን እንደምንጓዝ፣ ዜማውም መድረሻውን አስቦ ይጓዝ።

ሁለተኛው ሥራ የግራ እጅ ነው። ድግግሞሹን ለጊዜው ተዉትና ቾርዱ በተለወጠ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ተጭናችሁ ያዙት። የሾፐን ምሥጢር ያኔ ይሰማል፤ ሦስቱ ድምፆች አብረው አይወርዱም። አንዴ የታችኛው፣ አንዴ የመካከለኛው፣ አንዴ የላይኛው፣ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ «አሁን የተንቀሳቀሰው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱ። ከዚያ ዜማውን ከላይ ጨምሩበት። ቀኝ እጅ ያንኑ «ቢ» ሲደጋግም ከሥሯ ያለው ስለተለወጠ ትርጉሟ ይለወጣል። የመጀመሪያዋና የሦስተኛዋ «ቢ» እኩል መጮህ እንደማይገባቸው አስተማሪ ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

ድግግሞሹን ስትመልሱ ጣታችሁ ከቁልፉ አይራቅ። ሴባስትያን ኤራር በ1821 እ.ኤ.አ. የፈጠረው የድርብ ማላቀቂያ ስልት በግራንድ ፒያኖ ላይ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ድምፁን ለመድገም ያስችላል፤ ለስላሳ ድግግሞሽ የሚገኘውም በዚያ ነው። በተለመደው አፕራይት ፒያኖ ላይ ቁልፉ ይበልጥ መነሳት ስላለበት እጁ በዚያው ልክ ይጠንቀቅ።

አሁን ወደ ዕለታዊ ልምምድ። ሁለት ባር ምረጡ። ከመጫወታችሁ በፊት በውስጣችሁ ስሙት፤ አንዴ ተጫወቱት፤ እጃችሁን አንስታችሁ «የሰማሁት ያሰብኩትን ነው?» በሉ። ካልሆነ የሳተውን ለዩ፤ ጉልበቱ ነው? ጊዜው? ፔዳሉ? አንዱን ብቻ አርሙና ድገሙ። በመካከሉ ያለው ዝምታ የልምምዱ ዋና ክፍል ነው፤ ጆሮ ፍርድ የሚሰጠው ያኔ ነውና። በዝግታ ስትጫወቱም የሐረጉን መነሳትና መውረድ አታጥፉ። ሁልጊዜም ከመጀመሪያው ባር አትጀምሩ፤ እንደዚያ የሚለማመድ ሰው መጀመሪያውን በቃሉ ይዞ መጨረሻውን በጸሎት ይጫወታል።

ጊዜውንም ከፋፍሉት። ተራርቆ የሚመጣ ልምምድ በአንድ ጊዜ ከታጨቀው ይልቅ በትውስታ እንደሚቆይ የትምህርት ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ ቅዳሜን ብቻ ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል። ስትጫወቱ በስልካችሁ ቅዱና በማግሥቱ ኖታውን ይዛችሁ ስሙት፤ ከተጫወታችሁ በኋላ ወዲያው ስትሰሙ ጆሯችሁ ገና ከእጃችሁ ጋር ይወግናል።

ከ16ኛው ባር ላይ ዜማው ይገነፍላል፤ ሾፐን «ስትሬቶ» ብሎ ወደፊት እንዲገፋ ጠይቋል። አዋቂዎች እዚህ ትከሻቸውን ሰቅለው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ቁልፉን ይደበድባሉ። ትከሻውን አውርዱ፣ ትንፋሹን ልቀቁ፣ የክንዱ ክብደት ይሥራ። ነፃነቱም ልክ አለው። ሾፐን ግራ እጅ እንደ ኦርኬስትራ መሪ ጊዜውን እንዲጠብቅ፣ ቀኝ እጅ ግን እንደ ዘፋኝ እንዲዘገይና እንዲፈጥን ያስተምር ነበር። ይህን ለመስማት የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን የፒያኖ ሥራዎች ማድመጥ ይረዳል። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ውስጥ ሙዚቃ የተማሩት እማሆይ፣ ግራው በረጋበት ላይ ቀኙ እንዴት በነፃነት እንደሚተነፍስ ያሳያሉ።

ፔዳልም የጆሮ አገልጋይ ነው። አዲሱ ቾርድ ሲመታ እግር ይነሳል፤ ድምፁ ከተያዘ በኋላ ይመለሳል፤ አሮጌው ስምምነት ከአዲሱ ጋር ከተቀላቀለ ጆሮ ያውቀዋል። በ23ኛው ባር ከቾርዱ በኋላ የሚራዘም ዕረፍት አለ። እዚያ እግራችሁን አንሱ፤ ዝምታው እውነተኛ ይሁን፤ ርዝመቱንም እንደ ማንኛውም ድምፅ ተለማመዱት።

ከዚህ ሁሉ አንድ የመጨረሻ ምክር ይወጣል፤ ቀጣዩን ሥራ እንዴት እንምረጥ? አዋቂ ተማሪዎች የችሎታቸውን ጣሪያ የሚነካውን ይመርጣሉ፤ ጣቱ ሲጨነቅ ግን ጆሮ ይዘጋል፣ ወራትም ኖታ በማባረር ያልቃሉ። እኔ ከጣሪያው አንድ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለውን እመክራለሁ። በዓመት ውስጥ ከሚጠናቀቁት ሥራዎች አብዛኞቹ በሳምንታት የሚደረስባቸው፣ በወራት ግን የማይጠገቡ ይሁኑ። በእነሱ ላይ መስማትን የተማረ ሰው ከባዱ ሥራ ሲመጣ ኖታውን ከመቁጠሩ በፊት ምን ሊናገርበት እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ጣቱም የሚታዘዘው ጌታ አለው።